የእጀ ወርቅ ምልክት

ፋብሪካው የሠራው አዲስ ገልባጭ መኪና ለሙከራ ሙሉ ድንጋይ ጭኖ ዳገቱን ሲያጋምስ ሻንሲው ተሰበረ። ሻንሲ የመኪና የጀርባ አጥንት ነው፤ እሱ ከሄደ የቀረው ሁሉ ጌጥ ነው። የሙከራ ሾፌሩ እግር ከመሪው ሥር ተቀርቅሮ ቀረ።

ሾፌሩን ኤሊው ይሉታል። ቀስ ብሎ ስለሚነዳ ነው፤ በችኮላ ሊታማ የማይችል ሰው ቢኖር እሱ ነው። የፋብሪካው አንጋፋ በያጅ የሆነው የእጀ ወርቅ አማች ነው፤ ያለችውን አንዲት ልጁን ያገባ።

እጀ ወርቅ የሚለውን ስም ያወጡለት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው፤ እሱም አይሆንም ብሎ አልተሟገተም። በፋብሪካው አንድ ደንብ አለ። በያጅ አንድ መገጣጠሚያ በይዶ ሲጨርስ አጠገቡ የራሱን ምልክት በመዶሻ ይመታል። የእጀ ወርቅ ምልክት ትንሽ ኮከብ ናት። ሻንሲው የተሰነጠቀው ከኮከቧ አጠገብ ነበር።

ሰዉ ግን ጣቱን የቀሰረው ንድፍ አውጪው ላይ ነው። መኪናው ብዙ እንዲጭን ሲፈለግ፣ የራሱ ክብደት ይቀንስ ብሎ ሻንሲውን ያሳሳው እሱ ነዋ። ሰውየው ራሱ ቀጭን ስለሆነ «የነደፈው የራሱን ቁመና ነው» እያሉ ይስቁበት ነበር። ኤሊው ሆስፒታል ከገባ ወዲህ የሚስቅ የለም። ኃላፊው ሰኞ ጠዋት ብረቱ ተቆርጦ ይመረመራል፣ ጥፋቱ የንድፉ ከሆነ ንድፍ አውጪው ይሰናበታል ብሏል።

እጀ ወርቅ እህል አልወርድ አለው። የሆዱን የሚያውቀው እሱ ነው። ከጥቂት ወራት ወዲህ ዓይኑ ከድቶታል። የብየዳው ብርሃን ሲነሳ የቀለጠው ብረት ጠርዝ ይደበዝዝበታል፤ እጁ በልማድ ይሄዳል እንጂ አጥርቶ አያይም። ለማንም ትንፍሽ አላለም። ቢናገር ከብየዳው ያነሱታል፤ ከብየዳው ከተነሳ ደግሞ ማን ሊባል ነው? አጠገቡ የምትበይደው ልጁም እንኳ አታውቅም። ሙያውን ያስተማራት እሱ ነው። በንድፉ ላይ ያሉትን ቁጥሮች ጮክ ብላ ታነባለች፤ ለራሷ እንዲገባት ነው ይላል።

ያን ሻንሲ የበየደበትን ቀን በሐሳቡ እየመላለሰ ፈተሸው። ብረቱን በጋዝ እሳት አሙቋል፤ ወፍራም ብረት ሳይሞቅ ከተበየደ ላዩ ያምራል፣ ውስጡ ግን ይሰነጠቃል። ማለዳ ጨርሶ ኮከቧን መታና ረፋዱን ሌላ ሥራ ያዘ። የምሳ ደወል ሲደወል የማሞቂያው ጋዝ ተዘጋ። ልጁ እንደ ወትሮዋ «አባዬ፣ አንተ ቅደም፤ እኔ ጠራርጌ እመጣለሁ» አለችው። የመጣችው እሱ በልቶ ሲጨርስ ነው። ጠረጴዛው ላይ የጣለችው ጓንት እጁን ሲነካው ይሞቅ ነበር። መቼም ሥራ ስትወድ ለጉድ ነው።

ምንም አላገኘም። እንግዲያው ዓይኔ ነው አለ፤ ሌላ ምን ይሆናል?

እሁድ ከልጁ ጋር ሆስፒታል ሄዱ። ኤሊው ፊቱ ገርጥቶ ተኝቷል። እግሩ ይዳን አይዳን ሐኪሙም ገና አላወቀም።

«አባባ፣ ከመነሳቴ በፊት ጎንበስ ብዬ የእርስዎን ኮከብ አየሁ» አለ ኤሊው። «ልቤ ሞልቶ ነው የነዳሁት። ያ ቀጭን ጉድ ሠራኝ እንጂ።»

እጀ ወርቅ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። ልጁ ተነስታ ወጣች። ተከትሏት ሲወጣ ግድግዳ ተደግፋ አገኛት።

«አባዬ፣ ንድፍ አውጪውን ያባርሩታል?»

«ይመስለኛል።»

«ጥፋቱ የሱ ባይሆንስ?»

ክው አለ። አውቃብኛለች ማለት ነው። የጫማውን ማሰሪያ ሊያጠብቅ አጎነበሰ፤ ጫማው ማሰሪያ የለውም።

ሰኞ ጠዋት ሠራተኛው ሁሉ የተቆረጠውን ብረት ከብቦ ቆመ። ንድፍ አውጪው የተቆረጠበትን ፊት አለስልሶ፣ አጉሊ መነጽር ይዞ ተደፍቶበታል። ላቡ በአፍንጫው ይንጠባጠባል። ኃላፊው ጉሮሮውን ጠረገ።

«እሱን ተዉት» አለ እጀ ወርቅ ወደ ፊት ወጥቶ። «ጥፋቱ የኔ ነው። ዓይኔ ደክሟል። ሳላይ ነው የበየድኩት፤ ሳላይ ነው ምልክቴን የመታሁት። የገዛ ልጄን ባል እግር የሰበርኩት እኔ ነኝ።»

«አባዬ፣ ተው» አለች ልጁ።

«ተይኝ ልጄ። ሰው በኔ ጥፋት አይባረርም።»

ከስንት ቀን በኋላ ደረቱ ትንሽ ቀለል አለው።

ንድፍ አውጪው ቀና አለ። መዳኑ ገና አልገባውም፤ ግራ ተጋብቷል።

«ጋሼ፣ የእርስዎ ብየዳ ይኸውና ከታች። እንከን የለበትም፤ ዓይኑ ደህና የሆነ ሰው እንኳ እንዲህ አይበይድም። ስንጥቁ የጀመረው ከላይ ከተደረበው ነው። እርስዎ ከጨረሱ በኋላ የሆነ ሰው የላዩን ፍቆ ደግሞ በይዶበታል። ብረቱ ቀዝቅዞ ነበር፤ አላሞቀውም። ምልክትም አልመታበትም።»

ኃላፊው ዓይኑን በየሰዉ ላይ አዞረ።

«ማነው እሱ?»

እጀ ወርቅ ዞር ብሎ የልጁን እጆች አየ። ጓንቷን አጥብቃ ይዛዋለች።

«እኔ ነኝ» አሉ አባትና ልጅ፣ በአንድ አፍ።