ስልሳ ጠብታ

የመመርመሪያውን ፈሳሽ ጨምሬ የሙከራ ብልቃጡን ወደ ፀሐይ አነሳዋለሁ። ውሃው ክሎሪን ካለው ወደ ቢጫነት ይለወጣል። ይሄኛው ግን ኩልል እንዳለ ቀረ።

«አዩልኝ ዶኛ ኦዲሊያ?» ይላል የውሃ ኮሚቴው ሊቀመንበር ዶን ሳቱርኒኖ። «አሥራ አንድ ልጅ በተቅማጥ ሊያልቅብን ነበር! ሰውዬው ግን ለጥ ብሎ ይተኛል።»

መንደሩ በሙሉ ታንከሩ ሥር ተሰብስቧል። ዛሬ የውሃ ሠራተኛቸውን ፕላሲዶን ሊያባርሩት ነው፤ የስንብት ወረቀቱ ላይ የምፈርመው ምስክር፣ ከሌላ መንደር የመጣሁት እኔ ነኝ። የእኔ መንደር የውሃ ኮሚቴ ዋና ከተማው ቴጉሲጋልፓ ድረስ ተጠርቶ የተሸለመ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት እነዚህን ያስተማርናቸውም እኛ ነን። ስማችን ሲጠራ ደስ ይለኛል፤ አልዋሽም።

ፕላሲዶ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ይዞ ቆሟል።

«በደቂቃ ስንት ጠብታ ክሎሪን ነው የምትለቀው?» እለዋለሁ ቆጣ ብዬ።

«ስልሳ። ጠዋት ማታ እቆጥራለሁ።»

«አዎ፣ በህልሙ!» ይላል አንዱ ከኋላ። ይስቃሉ።

የሚመዘግብበትን ደብተር እቀበለዋለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ አንድ ቀን ሳይዘለል፣ ስልሳ፣ ስልሳ፣ ስልሳ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ስሜ ተጽፏል።

ስልሳ የእኛ ታንከር ልክ ነው፤ የእነሱ ታንከር የእኛን እጥፍ ይሆናል። ያስተማርኳቸው ቀን የዶሮ ሾርባቸውን ጠጥቼ፣ የመኪናው ጥሩንባ እየጠራኝ፣ «እናንተም እንደዚሁ አድርጉ» ብያቸው ሄድኩ። በታንከሩ መጠን አስሉ አላልኩም። ምንጩ ንጹሕ ስለነበር የዘንድሮው ዝናብ እስኪያደፈርሰው ድረስ እግዜር ሸፈነልኝ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

ቀና ስል ፕላሲዶ ፊቴን እያየ ነው። ገብቶታል። ዓይኑን ወደ መሬት ይመልሳል።

«እኔ ተሳስቼ ጽፌው ይሆናል፣ ዶኛ» ይላል ቀስ ብሎ።

«ይኸው፣ አመነ!» ሳቱርኒኖ እስክሪብቶውን ይዘረጋልኛል። «ይፈርሙልን እንግዲህ፣ ፀሐዩም ከረረ።»

እስክሪብቶውን አልቀበልም። ደብተሩን የመጀመሪያው ገጽ ላይ ገልጬ ለሳቱርኒኖ እሰጠዋለሁ።

«እዚች ጋ ያንብቡልኝ። ጮክ ብለው።»

መነጽሩን ፈልጎ ያደርጋል። «ስልሳ ጠብታ፤ ዶኛ ኦዲሊያ እንዳ...» ይልና ያቆማል።

«ይጨርሱት እንጂ» እለዋለሁ።

«...እንዳስተማሩኝ።»

የሚስቅ የለም። ፕላሲዶ ባርኔጣውን ራሱ ላይ ይደፋል።