የኩብራ ሰላምታ

ሲስተር እየሩስን ጀርም እንደ ማሳደድ የሚያስደስታት ነገር የለም። መተማ ቆላ ወርዳ የአንድ ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና ክፍል ኢንፌክሽን ተከላካይ ስትሆን፣ መጀመሪያ ያደረገችው በሩ ላይ የእጅ መታጠቢያ ማስተከል ነበር። አጠገቡም ራሷ የጠለፈችውን ነጭ ፎጣ ሰቀለች። «እጅ መታጠብ ሕይወት ያድናል» ይላል በቀይ ክር። ክሩ ቀለም እንዳይለቅ በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ታለቀልቀዋለች። ሐኪምም ሆነ ቁስል ጠራጊ፣ አስታማሚም ቢሆን፣ ሳይታጠብና ሳያደርቅ አያልፋትም።

እንዲያም ሆኖ ቁስሎች ማመርቀዝ ጀመሩ። መድኃኒት የተላመደ ጀርም ክፍሉ ውስጥ ገብቷል። የባሰበት ትራክተር ነጂው ደምለው ነው፤ የቀረው አንድ መድኃኒት ካልሠራ እግሩ ይቆረጣል። ሰርጉ ደግሞ ከሰሊጥ አጨዳ በኋላ ነው።

«በአንዱ እጨፍራለሁ፤ የሙሽራ እግር ማን ይቆጥራል?» ሲል ክፍሉ በሳቅ ይሞላል። እየሩስም እየሳቀች ቁስሉን ደግማ ታያለች።

ጥርጣሬዋ የሽቶ ነጋዴዋ ኩብራ ላይ ወደቀ። ኩብራ ባሏን ሙዓዝን ልትጠይቅ ስትመጣ በየአልጋው እየዞረች የሁሉንም እጅ ትጨብጣለች። አንዱን በሽተኛ ጠይቆ ጎረቤቱን ማለፍ ነውር ነው ባይ ናት። ይባስ ብላ ታጥባ ስታበቃ ፎጣውን አትነካም፤ በዚህ ሙቀት ፎጣ ምን ያደርግልኛል ብላ እጇን አራግፋ ትገባለች። እየሩስ ይህን እንደ ንቀት ቆጠረችው።

«እትዬ ኩብራ፣ ከዛሬ ጀምሮ በመስኮት ይጠይቁ» አለቻት።

ኩብራ አልተቀየመችም። መስኮቱ ሥር ቆማ በሽተኛውን ሁሉ በየስሙ እየጠራች እንዴት አደራችሁ ትል ያዘች። ክፍሉ ገበያ ሆነ። የደምለው ቁስል ግን ከቀን ወደ ቀን ባሰበት።

የላቦራቶሪው ቢያድግልኝ መጥቶ ከአልጋው፣ ከበሩ እጀታ፣ ከመታጠቢያው አካባቢ፣ ከኩብራ እጅና ከለበሰችው ቶብ ናሙና ወሰደ። እየሩስ ውጤቱ ሳይደርስ የምትገሥጽበትን ቃል እንኳ አጥንታ ጨርሳለች።

ውጤቱ የመጣ ቀን ሁሉም ይስማ ብላ ኩብራን መስኮቱ ሥር አቁማ ጮክ ብላ ታነብ ጀመር። የኩብራ እጅ ንጹሕ ነው። ቶቧም ንጹሕ ነው። አልጋውም፣ እጀታውም። ድምጿ እየቀነሰ ሄደ፤ የመጨረሻውን መስመር ሳታነብ ወረቀቱን አጠፈች።

«ታዲያ እግሬን የሚበላው ማን ነው?» አለ ደምለው።

ጀርሙ የተገኘው አንድ ነገር ላይ ብቻ ነበር፤ «እጅ መታጠብ ሕይወት ያድናል» ይላል።