ያለሰዓቱ የሚጮኸው ቸርኬ

ከሚዛን ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከቡናው ጫካ ሥር አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት አለ። ዘንድሮ ልጆቹን ጠዋት አስገብቶ፣ ወንበሩ ሳይሞቅላቸው ይለቃቸው ጀመር። እናት ልጇን ሸኝታ ፊቷን ስታዞር ልጇ ቀድሟት ቤት ገብቶ ጎደሬ እየላጠ ይጠብቃታል።

በየቀኑ አይደለም። ዝናብ ያባራ ቀን ነው።

ወላጁ ነደደ። በንዴቱ ሻይ ቢፈላበት ለቴፒ ሕዝብ በሙሉ በቅቶ ይተርፍ ነበር።

ከሁሉም የባሰበት ካሣዬ ነው። ካሣዬ ባለሱቅ ነው፤ የወላጅ ኮሚቴ ሰብሳቢም ነው። ደወሉንም ለትምህርት ቤቱ የሰጠ እሱ ነው። ገደል የገባ አይሱዙ ለብረት ሲሸጥ ገዛና፣ ከስድስቱ የጎማ ቸርኬ አንዱን ለገሰ። ቸርኬው ግቢው ውስጥ ዋንዛ ላይ ተሰቅሎ በብረት ሲመታ ማሻ ከተማ ያለ ሰው ምሳ ደረሰ ብሎ እጁን ይታጠባል። ካሣዬ ይህን ስጦታውን ሳያነሳ «እንደምን አደራችሁ» አይልም።

«ይትባረክ ልጄ ዘንድሮ የስድስተኛ ክፍል ፈተና አለበት!» ይላል ሱቁ በር ላይ ቆሞ። «በገዛ ቸርኬዬ ልጄን ሊያደነቁሩብኝ!»

ጥፋተኛውን ለማወቅ ጠንቋይ አላስፈለገም። ደወሉን የሚመታው ዘበኛው አባባ ይስሐቅ ነው። የአባባ ይስሐቅ ጆሮ ከደከመ ቆይቷል፤ አጠገቡ መብረቅ ቢወድቅ «ይማርህ» ይላል፣ ያስነጠሰ ሰው መስሎት። ጫካ ውስጥ ግን ቀፎ ሰቅሏል። ዝናብ ሲያባራ ንብ ይወጣል፤ ንብ ሲወጣ የሽማግሌው ልብም አብሮ ይወጣል። ቶሎ ደውሎ ወደ ማሩ ለመሄድ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል?

የዓይን ምስክርም ተገኘ። የካሣዬ ሚስት የዓለምዘርፍ፣ ከትምህርት ቤቱ በላይ ባለው በቆሏቸው መሃል ማማ ላይ ሆና ዝንጀሮ ስትጠብቅ ትውላለች።

«ዝንጀሮውን አባርሬ ቀና ስል ልጆቹ እንደ ጉንዳን በበሩ ሲፈሱ ነው የማየው። በዓይኔ በብረቱ!» አለች።

ይቺ ሴት ትታመናለች። የአገሩን በቆሎ ዝንጀሮ ሲግጠው የእነካሣዬ አንዲት እሸት እንኳ አልተነካችም። ሰዉ ግን የሚያመሰግነው ካሣዬ አሮጌ ኮቱን አልብሶ የተከለውን እንጨት ነው። ዝንጀሮው «የቀበሌ ሰው መጣ!» ብሎ ይሸሻል ይባላል።

ግንቦት ሲያልቅ ስብሰባ ተጠራ። ዝናቡ ከሌሊት ጀምሮ ሲወርድ ነበር፤ ወላጁ የሙዝ ቅጠል ደርቦ መጥቶ በረንዳው ላይ ታጨቀ። ልጆቹ ክፍል ናቸው። ርዕሰ መምህሩ ጋሽ ጥበቡም ተገኘ። ሁልጊዜ ወረዳ ለስብሰባ ስለሚሄድ የቢሮው ወንበር ላይ ሸረሪት ወልዳ ተዋልዳለች፤ ዛሬ ግን ስብሰባው ራሱ እግሩ ሥር መጣበት።

«ልጄ ስሙን መጻፍ አቃተው!» ብላ ጮኸች ጨርቅ ነጋዴዋ ሀጂራ። «ስጠይቀው ‹ስሜ ጋ ሳንደርስ ተደወለ› ይለኛል!»

«ደወል ከተሰማ ማን ይይዛቸዋል?» አለች መምህርት ልዩ። «በሩን ገንጥለው ይዘውት ነው የሚወጡት!»

አባባ ይስሐቅ ተጠራ። ቆቡን አውልቆ መሃል ቆመ።

ሀጂራ ጆሮው ላይ ጮኸች፦ «አባባ! ለምንድነው ቀድመው የሚደውሉት?»

«እኔ? እኔ በሰዓቴ ነው የምመታው» አለ ይስሐቅ። «ግን ልመታ ስመጣ ልጅ የለም። ባዶ ግቢ ነው የማገኘው።»

«ባዶ ግቢ ከሆነ ለማን ነው የምትደውለው፣ አንተ ሽማግሌ?» አለ ካሣዬ።

«ለደሞዜ።»

ሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ ቆርቆሮው ይነሳ ነበር። ዛሬ የሳቀ የለም።

«ይባረር!» አለ ሰዉ በአንድ አፍ።

መባረር ማለት ለይስሐቅ ሥራ ማጣት ብቻ አይደለም። ግቢው ጥግ ላይ ያለችው የዘበኛ ቤትም ትሄዳለች። ክረምቱ ደጅ ላይ ቆሞ፣ ከሚስቱ ከበየነች ጋር የሚገባበት ሌላ ጣራ የለውም።

«መጀመሪያ ቸርኬዬን አውርዱልኝ!» አለ ካሣዬ። አወረዱለት። በረንዳው ላይ አጋድሞ እግሩን ጫነበት፤ መምቻውን ብረት ብብቱ ሥር ሸጎጠ። «ከእንግዲህ ያለ እኔ ፈቃድ ትንፍሽ አይላትም!»

ተጨበጨበለት። ጋሽ ጥበቡ የስንብቱን ወረቀት ለመፈረም እስክሪብቶ ፈለገ። ይስሐቅ የግቢውን ቁልፍ ከአንገቱ አወለቀ።

ይህን ጊዜ ዝናቡ ቀጥ አለ። ፀሐይ ወጣች።

«በል፣ ንብህ ወጥቷል!» አለ ካሣዬ ቸርኬውን በጫማው እየረገጠ። «ወንድ ከሆንክ አሁን ደውላ!»

ጓ! ጓ! ጓ! ጓ!

የክፍሎቹ በሮች ተበረገዱ። ልጆቹ እየጮሁ፣ እየተጋፉ፣ ይትባረክን ከፊት አስቀድመው በበረንዳው ላይ፣ በወላጁ መሃል፣ በጋሽ ጥበቡ ወረቀት ላይ ጎረፉ። ካሣዬ እግሩ ሥር ያለውን ቸርኬ አየ። ብብቱን ዳሰሰ፤ ብረቱ አለ። ሰዉ ሁሉ አንገቱን ወደ ላይ፣ ድምፁ ወደመጣበት ወደ በቆሎው አዞረ። ምንም ያልሰማው ይስሐቅ ብቻ ነው፤ ቁልፉን ዘርግቶ የሚቀበለው ሰው ይጠብቃል።

ዝንጀሮዎቹ እየዘለሉ ወደ ጫካው ሲሸሹ፣ የዓለምዘርፍ ማማው ላይ ከተሰቀለው ሌላ ቸርኬ አጠገብ ብረቷን እንደጨበጠች ጮኸች፦ «ካሣዬ! ይኸው ደግሞ ለቀቃቸው! ያዝልኝ ያን ሽማግሌ!»