ዝም ካልን ደህና ናችሁ

የሆስፒታሉ ኢሜይል ሰርቨር ከበሽተኞቹ ብሶ ነበር። የቫይረስ መፈተሻው አጠራጣሪ መልእክት በያዘ ቁጥር «ቫይረስ ተገኝቷል» የሚል ማስጠንቀቂያ ለሐኪሞቹ ሁሉ ይበትናል። አንዱን አጥፍተው ቀና ሳይሉ ሌላው ይከተላል።

«እባካችሁ ኮምፒውተሩን አልጋ ስጡት!» አለ ቀዶ ሐኪሙ።

ቴክኒሻኑ ተጠራ። ሠራተኛው «ፈውስ» ይለዋል፤ በእጁ ያልዳነ ማሽን የለም። ሰርቨሩን አጸዳ፣ መፈተሻውን አደሰ፣ ነዝናዛውን ማስጠንቀቂያም ሰው ጋ ሳይደርስ በርዕሱ እየተለየ እንዲጠፋ አዝዞ ወጣ። ሰላም ሆነ። ሥራ አስኪያጁ በሰው ፊት አመሰገነው፤ እሱም ምስጋናውን አልጠላውም።

ጥቂት ቆይቶ ሚስቱ ለእርግዝና ምርመራ መጣች። ደም የቀዳቻት የላቦራቶሪዋ ሴትዮ ናት፤ ጡረታ የደረሰች፣ ትልቅ ትንሹ «እታለም» የሚላት።

«ችግር ካለ ለሐኪምሽ እጽፋለሁ። ዝም ካልን ደህና ነሽ» አለቻት። የሆስፒታሉ ልማድ ነው።

ማንም ምንም አላለም። ልጁም በሰላም ተወለደ። ጡት ሲይዝ የሚያላቅቀው የለም እየተባለ ተሳቀበት።

ከዚያ አንድ ሰው በቃሬዛ መጣ። ከወራት በፊት እዚያው ተመርምሮ፣ ዝም ሲባል ደህና ነኝ ብሎ ቤቱ የገባ ሰው ነው። ሰውነቱ አልቋል። ሳይውል ሳያድር ሞተ። እህቱ ኮሪደሩ ላይ ተንበርክካ፣ «ምነው አንድ ቃል ብትነግሩት!» እያለች አለቀሰች።

«ውጤቱን ለሐኪሙ ልኬያለሁ» አለች እታለም።

«ቅጂው የታለ?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«የበሽተኛ ምስጢር ነው፣ ከላካችሁ በኋላ አጥፉ ያላችሁን እናንተ አይደላችሁ?»

ቴክኒሻኑ እንዲያጣራ ታዘዘ። እታለምን ይወዳታል፤ እንጀራዋ በእሱ ቃል ላይ እንደተንጠለጠለም ያውቃል። ስለዚህ አልቸኮለም። ከእሷ ኮምፒውተር «ሙከራ» ብሎ ላከ፤ ደረሰ። ፋይል አያይዞ ላከ፤ ደረሰ። መፈተሻው ያገታቸውን መልእክቶች አንድ በአንድ አየ፤ የእሷ የለበትም። የላከቻቸው የስኳርና የደም ማነስ ውጤቶች እንኳ ሐኪሞቹ ጋ በሰዓቱ ገብተዋል።

«ማሽኑ ጤነኛ ነው» ብሎ መሰከረ።

«ዕድሜ ነው፤ ረስተውት ይሆናል» አለ ሥራ አስኪያጁ። «በእርስዎ መርሳት ግን ሰው ሞተ።»

እታለም አልተከራከረችም። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ብላ ወጣች። የስንብት ደብዳቤዋ በማግስቱ ደረሳት።

ነጭ ጋዋኗን አጣጥፋ ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጥ፣ ቴክኒሻኑ የኢሜይል አድራሻዋን ሊዘጋ ገባ። ዓይኗን ማየት አቃተው።

«ይቅር ይበሉኝ፣ እታለም። ያየሁትን ነው የተናገርኩት።»

«አልቀየምህም ልጄ። ምን ታደርግ?» ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አንጠለጠለች። «ለመሆኑ ባለቤትህ እንዴት ናት? መድኃኒቱ ተስማማት?»

«የምን መድኃኒት?»

እታለም በሩ ላይ ቆመች። ፊቱን ትክ ብላ አየችው።

«ሳትወልድ እንድትጀምር፣ ልጁንም ጡት እንዳታስይዘው… ለሐኪሟ በዚያኑ ቀን ጽፌ ነበር እኮ!»

ቴክኒሻኑ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ።

«ርዕሱ ላይ… ምን ብለው ነበር የጻፉት?»

«እንደ ሁልጊዜው ነዋ፤ ‹ቫይረስ ተገኝቷል›።»