እግሬን ባነሳሁበት

«በሩን ዝጋና ንዳ» ይላሉ ወይዘሮ ወርቂ፣ ከኋላ ተቀምጠው ዱላቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው። «ሁለት ሾፌር ካንስል አድርጌ ነው አንተን የጠበቅሁት።»

ኩምሳ በመስታወቱ ያያቸዋል። በሽተኛ ማመላለስ ከጀመረ ወዲህ ቁጣ ለምዷል፤ የእኚህ ግን ስሙን ጠይቆ የመጣ ነው። በአባቱ ቋንቋ፣ በትግርኛ፣ ቀበቶ እንዲያስሩ ይለምናቸዋል።

«በአባትህ ቋንቋ አታናግረኝ። የእናትህን ደግሞ አልሰማም። በአማርኛ እንጨርሰው፤ የማንኛችንም አይደለ። የኣብኤል እናት ነኝ።»

መኪናው የሚኒሶታዋን ኮሎምቢያ ሃይትስ ለቆ ወደ ሮቢንስዴል ያመራል። ድልድዩ ሥር ወንዙ በረዶ ጋግሯል።

የኩምሳ አባት የኤርትራዋ ሰንዓፈ፣ እናቱ የወለጋ ሰው ናቸው። ድንበር ላይ አድጎ፣ ፈንጂ ያልተቀበረበትን መሬት እንደ ደጃፉ ያውቅ ነበር። ከመረብ ወዲያ የወዲህ ሰላይ፣ ከመረብ ወዲህ የወዲያ ሰላይ ይሉታል። ሰው ሲያሻግር ቃሉ አንድ ነበር፤ «እግሬን ባነሳሁበት እግራችሁን አሳርፉ።»

«አብረውት የነበሩት ነግረውኛል» ይላሉ ወይዘሮ ወርቂ። «ልጄ ዱካህን ለቆ ነው ፈንጂ የረገጠው። ለምን ለቀቀ? ይህን ሳትነግረኝ ከመኪናህ አልወርድም፣ አንተ ክልስ!»

ኩምሳ መሪውን ጨብጦ ይይዛል። ያ ቀን ብራ ነበር፤ ጠጠሩ ሳይቀር ይታያል። ኣብኤል ድንገት ቆመ። «እናቴ ከሚኒሶታ ደውላ አስጠንቅቃኛለች» አለ። «ክልስ አትመን፣ ወስዶ ለወታደር ያስረክብሃል ብላኛለች።» ከዚያ ከብት ወደሚነዳበት መንገድ ታጠፈ። ኩምሳ ጮኸ፤ አልሰማውም።

ቃሉ ምላሱ ላይ ነው። አንዴ ቢተፋው እኚህ ሴት ዳግመኛ ክልስ አይሉትም። ምናልባት ከእንግዲህ ለማንም ምንም አይሉም።

«ተናገር እንጂ! ምን ብሎህ ነበር?» ድምፃቸው ይሰነጠቃል።

«ጨለማ ነበር» ይላል ኩምሳ። «መንገዱ አልታየውም።»

«ምንም አላለም?»

«ምንም።»

ትከሻቸው ዝቅ ሲል በመስታወቱ ያያል። ወዲያው ዱላው የወንበሩን ጀርባ ይመታል።

«ታዲያ እጁን አትይዘውም ነበር? አንተ ነህ የገደልከው! ይኸው ከገዛ አፍህ ወጣ! እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ እናገራለሁ፤ አንድ ሐበሻ መኪናህ ላይ አይወጣም!»

«ይናገሩ፣ አደይ።»

«አደይ አትበለኝ! እናትህ አይደለሁም!»

የሆስፒታሉ በር በመኪና ስለተጨናነቀ ራቅ አድርጎ ያቆማል። መንገዱ አዲስ በረዶ ለብሷል፤ ከሥሩ ያለው ግግር እንደ መስታወት ያንሸራትታል። ወርዶ በሩን ይከፍትና እጁን ይዘረጋል። በዱላቸው ይመልሱለታል።

«ዞር በል ከፊቴ!»

ዞር አይልም። ፊት ፊታቸው እየሄደ፣ የሚያዳልጠውን በጫማው ጫፍ እየዳሰሰ ይለያል። እርግማኑ ከኋላው ይከተለዋል። ጋብ ሳይል እየቀረበ ሲመጣ አንገቱን መለስ ያደርጋል። ወይዘሮ ወርቂ አቀርቅረው፣ አፋቸው እየተራገመ፣ እሱ እግሩን ባነሳበት እግራቸውን ያሳርፋሉ።

ኩምሳ እርምጃውን ያሳጥራል።