የበርሜል አንገት

ሾፌሩን ሰፈሩ በሙሉ በርሜል ይለዋል። አውቶቡሱ ውስጥ ሆዱ ቀድሞት ነው የሚገባው። ሃያ ስድስት ዓመት ተማሪ ሲያመላልስ አንድም ሰው አልገጨም። ዘንድሮ ግን መሥሪያ ቤቱ የልብ ሐኪም ወረቀት ካላመጣህ ቁልፍ አስረክብ አለው። ከመንዳት ሌላ የሚያውቀው ሥራ የለም።

የልብ ሐኪሙ ታናሽ ወንድሙ ነው። ከዘመድ ሐኪም ይሰውራችሁ። ቀጭን ነው፣ ጠዋት ጠዋት ይሮጣል፣ ቅቤ ሲያይ ፊቱን ያዞራል፤ ቅቤ የሚበላ ሰው ሲያይማ ይብስበታል።

በርሜል ለምርመራ የመጣ ቀን ጠዋት ሐኪሙ አንገቱን በሶፍት እየጠረገ ቢሮው ገባ። ወንድሙ የአንገት አልትራሳውንድ ተነስቶ እስኪመጣ ድረስ ጋዜጣ አነበበ። ከዚያ ወጥቶ ከማተሚያው ላይ ወረቀቱን አነሳ።

‹‹ዶክተር፣ እሱ እኮ ስም የለበትም›› አለች የማሽኑ ባለሙያ።

‹‹ስም ምን ያደርጋል? የማን እንደሆነ ሆዱ ይናገራል።››

ባለሙያዋ ልትመልስ አፏን ስትከፍት በሩን ዘጋባት።

‹‹ይኸውልህ ጋሼ›› አለ ወረቀቱን ዘርግቶ፤ ‹‹ይሄ የአንገትህ ደም ቧንቧ ነው። ያበጠው ይታይሃል? ኮሌስትሮል ግድግዳው ውስጥ ሲገባ ነጭ የደም ሴሎች ሊያጸዱት ይመጣሉ። ይውጡታል። ግን እንደ አንዳንድ ሰው በቃኝ አያውቁም። ውጠው ውጠው መፍጨት ሲያቅታቸው አረፋ መስለው ያብጡና እዚያው ይሞታሉ። ሬሳቸው ተከምሮ መንገዱን ይዘጋል። ጠባቂ ብለህ የቀጠርከው ቤትህን ሲያፈርስብህ ማለት ነው።››

‹‹እኔ ግን ምንም አያመኝም።››

‹‹አያምማ! ድንገት ነው ድፍት የሚያደርግህ። ከግማሽ በላይ ተዘግቷል እኮ። ይሄን አንገት የተሸከመ ሰው መሪ መያዙ ቀርቶበት ዛሬውኑ አልጋ መያዝ አለበት። በልተህ በልተህ እዚህ ደረስክ። እናታችን ስትመክርህ ሰምተሃል?››

በርሜል አንገቱን ደፋ። ሐኪሙ ‹‹ለመንዳት ብቁ አይደለም›› ብሎ ጻፈ፤ ማኅተሙንም ሁለት ጊዜ መታበት። አንዱ ይበቃ ነበር።

‹‹ነገ ልጆቹን ማን ያደርሳቸዋል?›› አለ በርሜል። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

‹‹ቀጭን ሰው።››

በርሜል የአውቶቡሱን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ሐኪሙ ወደ ራሱ ሳበው። ትልቅ ሰው እንዲህ ሲዋረድ ማየት ደስ አይልም፤ ሐኪሙን ግን ደስ ብሎታል።

በሩ ተንኳኳ። ባለሙያዋ ሌላ ወረቀት ይዛ ገባች።

‹‹የወንድምዎ ይኸው፣ ንጹህ ነው፤ ያ የያዙት ደግሞ ጠዋት ‹የጤነኛ አንገት ምን እንደሚመስል አዲሱ ማሽን ይልመድ› ብለው በራስዎ አንገት ያስሞከሩት ነው።››