ቤቱ ያላወቃት አስካለ

ልጆቼ፣ በእኛ ዘመን ቧንቧም በርም የሚታዘዘው ለነዋሪው ድምፅ ነው። ባለቤቴ አስካለ ታማ አንድ እጇና አንደበቷ ከተያዙ ወዲህ ግን ቤቱ አላውቅሽም አላት። ደጅ ውዬ ስመለስ፣ ብርጭቆዋን ይዛ ቧንቧው ሥር ቆማ አገኛታለሁ። ከዚያ በኋላ ከቤት መውጣት ተውኩ።

መሣሪያዎቹ የሚመሩበትን የኢንተርኔት ደንብ ለሰፈራችን የሚተረጉሙት የኔታ ልሳኑ ናቸው። እንደ ጥንቱ ጉባኤ ቤት ቃል በቃል እያነበቡ፣ «አንድም» እያሉ ይፈቱታል። አንድ ጎረቤት ከአስካለ ጋር አስቀምጬ ሄድኩና ጉዴን ነገርኳቸው።

«አያ ውብነህ፣ ድምፅ ግድ ነው ያለህ ማነው?»

«ቤቱን የገጠመልን ባለሙያ ነዋ።»

«ሳያነብ ገጥሞታል። ደንቡ ‹ነዋሪው በድምፁ ሊታወቅ ይገባል› ነው የሚለው። ግድ የተባለው አይታለፍም። ይገባል የተባለውን ግን በቂ ምክንያት ያለው፣ መዘዙንም የመዘነ ሰው በሌላ ይተካዋል። ምክንያቱማ አላችሁ። መዘዙ ምንድን ነው?»

«ሌላ ሰው በሷ ስም ሊገባ መቻሉ ነው።»

«እንግዲያው ሌላ የማያውቀው ምልክት ስጧት።»

ባለሙያውን አስጠርተው ደንቡን አነበቡለት። እሱም አቀርቅሮ ወደ እኛ መጣና ቤቱ በእጇ ምት እንዲያውቃት አስተካከለው።

አስካለ በደህናው እጇ፣ ራሷ በመረጠችው ምት ቧንቧውን መታ መታ አደረገችው። ውሃው ወረደ። ጠጣች፤ ደገመች። ከዚያ በሩን አመለከተችኝ። ሂድልኝ፣ ከጓደኞችህ ጋር ተጫወት ማለቷ ነው።

ወጥቼ አጥሩ ሥር ትንሽ ቆምኩ። ውሃው ሲወርድ፣ ሲቆም፣ ደግሞ ሲወርድ ሰማሁ። ተመስገን ብዬ መንገዴን ቀጠልኩ።